ኮላው ከመቀባቱ በፊት፦ የተበላሸ ፓርኬ ዕዳው የማን ነው?

ሁለት ፍሬ ፓርኬ አንሱና ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ከዚያ አውራ ጣታችሁን ከአንዱ ወደ ሌላው ቀስ ብላችሁ አንሸራቱ። ጥፍራችሁ መገናኛው ላይ ያዝ ካደረገው አንዱ ከሌላው ይወፍራል ማለት ነው። ልዩነቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳን ላይሞላ ይችላል። ሻጩን ብትጠይቁት "ይሄማ ሲፋቅ ይጠፋል" ይላችኋል። ገጣሚው ደግሞ "ኮላው ያስተካክለዋል" ይላል። ሁለቱም ሊሉት የሚችሉት አንድ ምክንያት ስላላቸው ነው፤ ወለሉ ላይ የሚኖሩት እነሱ አይደሉም።

የዛሬው ጉዳያችን ይሄ ነው። ማሽን ላይ በደንብ ያልተላገ፣ ወርዱ ወይም ውፍረቱ የማይገጥም ፓርኬ ቤታችን ቢመጣ ምን እናድርግ? ጥያቄው የአናጢ ይመስላል። እኔ ግን ኢኮኖሚክስ የተማርኩ ሰው ነኝና የኪስ ጥያቄም ሆኖ ይታየኛል። ፋብሪካው ወይም ወርክሾፑ የሠራው ስህተት ዋጋ አለው። ያንን ዋጋ አንድ ሰው ይከፍለዋል። ማን እንደሚከፍለው የሚወሰነው ደግሞ በአንዲት ጠባብ ጊዜ ውስጥ ነው፤ ፓርኬው ቤት ከደረሰበት ሰዓት ኮላው እስከሚቀባበት ሰዓት ድረስ ባለችው።

"እኔ ቤት የለኝም፣ ምን አገባኝ?" የምትሉ ትኖራላችሁ። ቆይ ግን፣ ብዙዎቹ የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞች ለባለቤቱ ሲሰጡ ወለላቸው ሊሾ ነው። ማጠናቀቂያውን የሚሠራው ቤተሰቡ ራሱ ነው። እና በቤተሰቡ ውስጥ "አንተ ስልክ ላይ ነህ፣ እስቲ ዋጋ ጠይቅ"፣ "አንቺ ሂጂና ሠራተኞቹን ጠብቂልኝ" የሚባለው ማን ነው? እኛው ነን። ስለዚህ ከመላካችሁ በፊት ይቺን አንብቡ።

የማሽን ጥፋትና የእርጥበት ጥፋት

ፓርኬ የሚበላሽበት መንገድ በሁለት ይከፈላል። መለየቱ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም መፍትሔያቸው ለየቅል ነው።

የመጀመሪያው የማሽን ጥፋት ነው። የመላጊያው ቢላ ዶልዱሞ ከሆነ የእንጨቱ ፊት ይቦጨቃል ወይም እንደ ሞገድ የተደረደሩ ጥቃቅን መስመሮች ይታዩበታል። መጋዙ ከመስመሩ ከወጣ አንዱ ጫፍ ሰፊ፣ ሌላው ጫፍ ጠባብ የሆነ ፓርኬ ይወጣል። ጫፉ ሲቆረጥ ማሽኑ ስኳድራውን ካልጠበቀ ማዕዘኑ 90 ዲግሪ አይሆንም። ጎኑ ላይ ምላስና ቦይ ያለው ጣውላ ከሆነ ደግሞ ምላሱ ወፍሮ ቦዩ ውስጥ አልገባ ይላል፣ ወይም ቀጥኖ ሲገባ ይወዛወዛል። አንዳንዴም ምላሱ ከቦዩ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ስለተቆረጠ፣ ጣውላዎቹ እኩል ውፍረት ኖሯቸውም ሲገጠሙ አንዱ ከሌላው በላይ ይቀመጣል።

ሁለተኛው የእርጥበት ጥፋት ነው። እንጨት ከተቆረጠ በኋላም ከአየር ላይ እርጥበት ይወስዳል፣ ይሰጣልም። ሲጠጣ ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይጠባል። የሚሰፋውና የሚጠበው በወርዱ ነው እንጂ በርዝመቱ ያለው ለውጥ ከቁጥር አይገባም። በወርዱም ቢሆን እኩል አይደለም፤ የዛፉን የዕድሜ ቀለበት ተከትሎ የሚጠበው ቀለበቱን አቋርጦ ከሚጠበው ብዙውን ጊዜ እጥፍ ገደማ ይሆናል። ጣውላ እንደ ጀልባ የሚጎብጠው በዚህ የተነሳ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባህር ዛፍ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ዛፉ ቆሞ ሳለ በግንዱ ውስጥ ውጥረት ይይዛል፤ ሲሰነጠቅ ውጥረቱ ሲለቀቅ ጣውላው ይጣመማል። ሲደርቅም ብዙ ይኮማተራል። በደንብ ሳይደርቅ የተላገ ባህር ዛፍ በተላገበት ቀን ቀጥ ያለ ሊሆን ይችላል፤ ከአንድ ወር በኋላ ግን ሌላ ዕቃ ነው።

እንዴት ትለያላችሁ? አንድ አሥር ፍሬ አንሱ። ፊታቸው ቀጥ ያለ ሆኖ ወርዳቸው ወይም ውፍረታቸው ከተለያየ፣ ወይም ማዕዘናቸው ከተዛባ ብዙውን ጊዜ ማሽኑን ጠርጥሩ። ከጎበጡ፣ ከተጠማዘዙ ወይም ጫፋቸው ከተሰነጠቀ እርጥበቱን ጠርጥሩ። የእርጥበት መለኪያ ያለው አናጢ ካገኛችሁ ደግሞ ግምቱ ሁሉ ያበቃል፤ ሁለት መርፌ እንጨቱ ላይ ሰክቶ ቁጥሩን ያሳያችኋል።

ትንሿ ስህተት ስትደመር

አሁን ወደ ሒሳቡ። ፓርኬያችን ወርዱ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 25 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። አምስቱ ጎን ለጎን ሲሆኑ ልክ 25 ሴንቲ ሜትር ይሞላሉ። ስለዚህ አምስት ወደዚህ፣ አምስት ወደዚያ እያደረጉ እንደ ዳማ ሰሌዳ ይገጥሟቸዋል።

እያንዳንዱ ፍሬ በወርዱ 0.2 ሚሊ ሜትር ቢጎድልስ? 0.2 ሚሊ ሜትር ሁለት ወረቀት ያህል ነው። ግን አምስቱ ሲደመሩ ጉድለቱ 1 ሚሊ ሜትር ሆነ፤ እያንዳንዱ ካሬ ጥግ ላይ ክፍተት ተፈጠረ ማለት ነው። ወርዱ 4 ሜትር የሆነ ሳሎን ላይ ደግሞ 80 ፍሬ ይደረደራል። 80 ጊዜ 0.2 ስንት ነው? 16 ሚሊ ሜትር። በመሃል ጣት ውፍረት የሚቀርብ ስህተት፣ በዓይን ከማይታይ ነገር ተነስቶ።

ሁሉም ፍሬ እኩል ቢጎድል እንኳን ደህና ነበር፤ መስመሩን ትንሽ አጥብቦ መሄድ ይቻላል። ክፉው ነገር መቀላቀሉ ነው። አንዱ ሙሉ፣ አንዱ ጎዶሎ፣ አንዱ ትርፍ ሲሆን መስመሩ እንደ እባብ መሄድ ይጀምራል። ገጣሚው አንዷን መስመር ለማቃናት ቀጣዩዋን ያጣምማል።

ውፍረትም እንደዚያው ነው። "ሲፋቅ ይጠፋል" የሚለው አባባል ግማሽ እውነት አለው። ቫርኒሽ ያልተቀባ ሙሉ እንጨት ከሆነ መፋቂያ ማሽኑ ትንንሽ ልዩነቶችን ያስተካክላል። ነገር ግን ማሽኑ ዝቅ ያለውን ከፍ አያደርግም፤ ከፍ ያለውን ሁሉ ወደ ዝቅተኛው ያወርዳል። የአንድ ሚሊ ሜትር ልዩነት ለማጥፋት ከሞላው ወለል ላይ አንድ ሚሊ ሜትር መፋቅ አለበት። ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ከገዛችሁት እንጨት አንድ አሥረኛው ገና ሳትረግጡት ሰጋቱራ ሆነ። ምላስና ቦይ ያለው ጣውላ ላይ ደግሞ የሚፋቀው ከምላሱ በላይ ያለው ክፍል ብቻ ነው። ከላዩ ስስ እውነተኛ እንጨት ተለጥፎበት የተሠራ ወለል ወይም ፋብሪካ ላይ ቫርኒሽ ተቀብቶ የመጣ ከሆነማ መፋቅ የሚባለውን ነገር ብዙም አትመኩበት።

ለምን ርካሹ ይወደዳል?

በ1970 እ.ኤ.አ. ጆርጅ አከርሎፍ የተባለ አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት ስለ ያገለገሉ መኪኖች ገበያ አንድ ጽሑፍ አሳተመ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ሻጩ የመኪናውን ጉድ ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም። ገዢው መለየት ስለማይችል ለሁሉም አማካይ ዋጋ ብቻ ለመክፈል ይፈልጋል። በአማካይ ዋጋ ደግሞ ጥሩ መኪና ያለው አይሸጥም። በመጨረሻ ገበያው ላይ የሚቀረው ምን እንደሆነ ገምቱት። በዚህና ተያያዥ ሥራው በ2001 እ.ኤ.አ. ከማይክል ስፔንስና ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

የፓርኬ ገበያም የዚህ ዘመድ ነው። ፓርኬ በእስር ወይም በካርቶን ይመጣል፤ ከላይ ያለውን ታያላችሁ፣ መሃሉን አታዩም። በደንብ አድርቆ፣ ቢላውን በየጊዜው እየሳለ የሚሠራው ሰው ወጪው ከፍ ይላል። እኛ ደግሞ ሁለቱንም በስልክ ፎቶ ብቻ አይተን "በካሬ ስንት?" ብለን እንጠይቃለን። ፎቶ 0.2 ሚሊ ሜትር አያሳይም። ያሸነፈው ርካሹ ነው።

ግን እውነት ርካሽ ነው? ለስሌት እንዲመቸን ብቻ ቁጥር እንፍጠር። አንደኛው ፓርኬ በካሬ 1,000 ብር ሆኖ ከመቶው 5 የማይሆን ቢወጣበት፣ የሚያገለግለው አንድ ካሬ የሚያስወጣችሁ 1,053 ብር ገደማ ነው። ሌላኛው 800 ብር ሆኖ ከመቶው 25 የማይሆን ቢወጣበትስ? 800ን ለ0.75 አካፍሉት፤ 1,067 ብር። ያ "ርካሽ" የተባለው በልጦ አረፈው! የመለያው ድካም፣ ተጨማሪው ኮላ፣ ረጅሙ ፍቂያ ገና አልተቆጠረም። ስለዚህ ሻጩን መጠየቅ ያለባችሁ "በካሬ ስንት?" ብቻ ሳይሆን "የማይሆነው ሲወጣ ትቀይራላችሁ ወይ?" ብላችሁ ነው። የሁለተኛው ጥያቄ መልስ የመጀመሪያውን ዋጋ ይቀይረዋል።

አክስቴ ቤት የሆነው

የአክስቴ ኮንዶሚኒየም ወለል ሲሠራ ጠባቂ ሆኜ የተመደብኩት እኔ ነበርኩ። ሳሎኑ 20 ካሬ፣ ኮሪደሩ 3.5 ካሬ ነው። ለብክነትም አስበን 26 ካሬ ተገዛ፤ በዚያ መጠን አንድ ካሬ 80 ፍሬ ስለሚይዝ በጠቅላላው 2,080 ፍሬ መሆኑ ነው። ዕቃው እንደመጣ ገጣሚው፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ሰው ናቸው፣ አንዱን እስር ፈቱና መሬት ላይ አሥሩን ደረደሯቸው። ዝም ብለው አዩት፣ አዩት። ከዚያ ወደ አክስቴ ዞረው "እትዬ፣ ይሄ ሳይለይ አይለጠፍም" አሉ።

አክስቴ የመጀመሪያ ጥያቄዋ "ስንት ቀን ያዘገያል?" ነበር። እሳቸው "ከሰዓት በኋላውን ብቻ" አሉ። እኔ ደግሞ በስልኬ ካልኩሌተር አሰላሁት። ለአንድ ፍሬ አሥር ሰከንድ ብንወስድ 2,080 ፍሬ 20,800 ሰከንድ፣ ማለትም ስድስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። ለሁለት ሰው ሦስት ሰዓት።

እሳቸው ከቁርጥራጭ እንጨት አንዲት መለኪያ ሠሩ። በትክክለኛው ወርድ ልክ ጣውላ ላይ ሁለት ሞራሌ መቱ፤ መሃሏ ያለ ግፊ የሚገባ ፍሬ ጥሩ ነው፣ የማይገባ ትርፍ ነው፣ ገብቶ የሚንቀጠቀጥ ጎዶሎ ነው። ካሊፐር አላስፈለገም። ማምሻውን ሦስት ክምር ነበረን። 320 ያህሉ ወርዳቸው ጎዶሎ ቢሆንም እርስ በርሳቸው እኩል ናቸው። 170ው ጠርዛቸው የተቦጨቀ፣ አንድ ጫፋቸው የጠበበ ወይም የተጣመሙ፣ ጭራሽ የማይሆኑ ናቸው። የቀሩት 1,590 ደህና ናቸው።

ጎዶሎዎቹ አልተጣሉም። ኮሪደሩ የሚፈልገው 280 ፍሬ ስለሆነ ብቻቸውን ኮሪደሩ ላይ ተለጠፉ። እርስ በርስ እኩል ስለሆኑ ማንም አያውቅባቸውም። የማይሆኑት 170ዎቹ ደግሞ ወደ ሻጩ ተመለሱ። ሻጩ መጀመሪያ "የእንጨት ነገር እንዲህ ነው፣ ሁሉም ሰው ይሄንኑ ነው የሚወስደው" አለን። አክስቴ ደረሰኙን አወጣች፣ እኔ ፎቶዎቹን አሳየሁ። ዕቃው ኮላ እንዳልነካው ሲያይ 120ውን ቀየረልን። ኮላ ነክቶት ቢሆን ኖሮ የምንከራከርበት ነገር እንኳን አይኖረንም ነበር።

በካሬ መክፈል የሚያመጣው ጣጣ

ከአክስቴ ቤት ታሪክ ውስጥ አንድ ነገር ልብ በሉ። ገጣሚው መለየት የፈለጉት ጥሩ ሰው ስለሆኑ ነው። ሁሌ ግን ጥሩ ሰው አይገጥምም፤ ጥሩ ሰውም ቢሆን ልጆች አሉት። የገጣሚ ክፍያ በተለምዶ በካሬ ነው። በካሬ የሚከፈለው ሰው የማይሆነውን ፍሬ ሲጥል ምን ያገኛል? ምንም። ጊዜውን ያጣል። ቢለጥፈውስ? ካሬው ይሞላል፣ ይከፈለዋል። እኛው ራሳችን ዓይኑን እንዲጨፍን እየከፈልነው ሲጨፍን መቆጣት ትክክል አይመስለኝም።

መፍትሔው ክርክር አይደለም፤ የክፍያ አደረጃጀት ነው። መለየቱን ከገጠማው ለይታችሁ በቀን ሒሳብ ክፈሉ። የግማሽ ቀን ክፍያ ከጠቅላላው ወጪ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። ቀብዱን ስትሰጡ ቀሪው የሚከፈለው ከተፋቀ በኋላ፣ ቫርኒሽ ከመቀባቱ በፊት ወለሉ ታይቶ መሆኑን ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ቫርኒሽ ሲቀባ ብርሃኑ ሁሉንም ነገር ያጋልጣል፤ ግን ያኔ ለመመለስ ረፍዷል።

ጎዶሎውን ምን እናድርገው?

እሺ፣ ተለየ። ሻጩም አልቀይርም አለ እንበል። ወይም ዕቃው ከሩቅ ነው የመጣው፣ መመለስ አይቻልም። ቀጥሎ ያሉት አናጢዎች የሚጠቀሙባቸው መንገዶች ናቸው።

አንደኛ፣ ጉድለትን ከመሰሉ ጋር አገናኙ። ቀጭኑን ከቀጭን፣ ወፍራሙን ከወፍራም ጋር በአንድ ክፍል አድርጉ። ክፍሉ አንድ ብቻ ከሆነ ወፍራሙን በአንድ ጫፍ፣ ቀጭኑን በሌላው ጫፍ አድርጋችሁ መሃል ላይ መካከለኛውን አስገቡ። ቀስ በቀስ የሚወርድ ልዩነት እግር አይሰማውም፤ ድንገተኛ እርከን ግን ካልሲ ይይዛል። ረዥም ጣውላ ከሆነ አንድ መስመር ላይ የሚገቡት ሁሉ እኩል ወርድ ይኑራቸው። መስመር ከመስመር ቢለያይ ችግር የለውም፤ ችግሩ በአንድ መስመር ውስጥ ሲለያይ ነው።

ሁለተኛ፣ ንድፉን እንደ ዕቃው ምረጡ። ፒንተረስት ላይ ያያችሁት የዓሣ አጥንት የሚመስለው ገጠማ ያምራል፤ ግን ስህተትን ይቅር አይልም። የእያንዳንዱ ፍሬ ጫፍ የሌላውን ጎን ስለሚነካ ማዕዘኑ ትንሽ ከተዛባ መስመሩ በሙሉ ይሸሻል። የዳማውም ንድፍ ርዝመትና ወርድ በትክክል እንዲመጣጠኑ ይፈልጋል። እንደ ጡብ ጫፉን እያፈራረቁ በመስመር መደርደር ግን የርዝመት ልዩነትን በቀላሉ ይውጣል። ዕቃው መካከለኛ ከሆነ ንድፉ ትሑት ይሁን።

ሦስተኛ፣ የጎበጠውን አሳጥሩ። አንድ ሜትር ተኩል ላይ ጎልቶ የሚታይ ጉብጠት ለሦስት ሲቆረጥ ይሰወራል። አጫጭሮቹን በመጀመሪያና በመጨረሻ መስመር፣ ቁም ሣጥን ሥር፣ አልጋ ሥር አድርጓቸው። ዓይን የሚያርፍበት ቦታ በሩና የመስኮቱ ብርሃን የሚወድቅበት ነው፤ ለዚያ ምርጡን አስቀሩ።

አራተኛ፣ ምላሱ አልገባ ካለ አትደብድቡት። መጀመሪያ ቦዩ ውስጥ ሰጋቱራ ወይም የደረቀ ቫርኒሽ እንዳለ እዩ፤ ብዙ ጊዜ በመሮ ጫፍ መጥረግ ብቻ ይበቃል። ካልሆነ ምላሱን ከሥሩ በኩል በእጅ መላጊያ ትንሽ ማሳሳት ይቻላል። በመዶሻ አስገድዶ ማስገባት የቦዩን የላይኛ ከንፈር ይሰነጥቃል፤ ስንጥቁ ደግሞ የሚወጣው ከወራት በኋላ ነው። ሲመታም በእንጨቱ ላይ ሳይሆን ቁራጭ ጣውላ አስደግፎ ነው።

አምስተኛ፣ ሁሉንም ከመለጠፍ በፊት ሁለት ካሬ ያህል ያለ ኮላ ደርድሩ። ስታጃ ጋድም አድርጋችሁ ከሥሩ ብርሃን ያልፍ እንደሆነ እዩ፤ የስልካችሁን ባትሪ ከጎን አብሩበት። ጥላ የሚጥል ጠርዝ ሁሉ ነገ ራሱን ያሳያል።

ሰጋቱራና ኮላ ሁሉን አይሸፍንም

ክፍተት ሲታይ የሁላችንም መልስ "ሰጋቱራ በኮላ ለውሶ መሙላት" ነው። ለአንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ክፍተት ጥሩ ነው፤ ከዚያው እንጨት የወጣ ሰጋቱራ ከሆነ ቀለሙም ይቀራረባል። ችግሩ እንጨቱ ገና የሚንቀሳቀስ ከሆነ ነው። በክረምት እርጥብ ሆኖ የተለጠፈ ፓርኬ በበጋ ይጠባል፣ ሙሌቱ ይለቅቃል። በበጋ ክፍተቱን ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ከሞላችሁት ደግሞ በክረምት እንጨቱ ሲሰፋ መሄጃ ያጣል፣ ወለሉ ይነሳል።

ይህ ለውጥ ቀላል እንዳይመስላችሁ። የአየሩ እርጥበት 50 በመቶ ሲሆን እንጨት በተለመደው የቤት ሙቀት 9 በመቶ ገደማ ውሃ ይይዛል። 80 በመቶ ሲሆን ወደ 16 በመቶ ይጠጋል። ስለዚህ ፓርኬው ከመገጠሙ በፊት እስሩ ተፈትቶ አየር እንዲያገኝ ሆኖ በዚያው ቤት ውስጥ ጥቂት ቀናት ይቆይ። ቤቱ በርና መስኮት የተገጠመለት፣ ልስኑም የደረቀ ይሁን። በግድግዳው ዙሪያም ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ክፍተት መተው ያስፈልጋል፤ ዞኮሎው ይሸፍነዋል።

ሊሾውም ራሱ ተጠርጣሪ ነው። ቀላል ፈተና አለ፤ 45 ሴንቲ ሜትር በ45 ሴንቲ ሜትር የሆነ ግልጽ ላስቲክ ቁረጡና አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ወለሉ ላይ አሽጉት። ቢያንስ ለ16 ሰዓት ተውት። ስታነሱት ከሥሩ ጤዛ ካለ ወይም ሲሚንቶው ከጠቆረ ወለሉ አልደረቀም። በደንብ የተላገ ምርጥ ፓርኬም እርጥብ ሊሾ ላይ ከተለጠፈ ከመጎበጥ አያመልጥም። ያኔ ደግሞ ሻጩ "ጥፋቱ የወለላችሁ ነው" ቢል ልክ ነው።

ከሻጩ ጋር ስንነጋገር

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ሽያጭ ሲደነግግ፣ ገዢው ዕቃውን ለመመርመር ዕድል እንዳገኘ መመርመር፣ ጉድለት ካገኘም ሳይዘገይ ለሻጩ ማሳወቅ እንዳለበት ይናገራል። ልብ በሉ፣ ሕጉም የሚያውቀው ቶሎ ያየና ቶሎ የተናገረ ገዢን ነው። በሰሜን አሜሪካ የእንጨት ወለል ንግድ ውስጥም ተመሳሳይ ልማድ አለ፤ ከጠቅላላው እስከ 5 በመቶ የሚደርስ ጉድለት እንደተጠበቀ ይቆጠራል፣ በዓይን የሚታይ ጉድለት ያለበትን ጣውላ የገጠመ ሰው ግን እንደተቀበለው ይታሰባል። ይቺን 5 በመቶ እንደ መነጋገሪያ ልትጠቀሙባት ትችላላችሁ። ከመቶው አምስት ፍሬ ቢበላሽ በተጨማሪ ከገዛችሁት ላይ ቻሉት፤ አሥር ሃያ ሲሆን ግን የእናንተ ዕዳ አይደለም።

እዚህ ላይ ስልካችን መሣሪያ ነው። ዕቃው ሲራገፍ ቪዲዮ ቅረጹ። የተበላሸውን ፍሬ ከሜትር ወይም ከስኳድራ ጋር አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ፤ ብቻውን የተነሳ ፎቶ ምንም አያስረዳም። ብዛቱን ጽፋችሁ ለሻጩ በዚያው ቀን በቴሌግራም ላኩለት፤ ቀኑና ሰዓቱ ራሱ ይመዘገባል። ከመግዛታችሁ በፊትም ከተቻለ ከመሃል ያለ አንድ እስር አስፈትታችሁ አሥር ፍሬ ደርድሩ። ሻጩ ይሄን ከከለከለ ከነገራችሁ ነገር ሁሉ የበለጠ ነግሯችኋል።

መቼ ነው "በቃ" የሚባለው?

ሁሉም ዕቃ አይድንም። ተለይቶ ከአራቱ አንዱ የማይሆን ከሆነ፣ እንጨቱ እርጥብ ሆኖ ቤት ውስጥ በቆየባቸው ቀናት እንኳን ቅርጹን የሚቀይር ከሆነ፣ ወይም ምላሱና ቦዩ በየፍሬው በተለያየ ቦታ የተቆረጠ ከሆነ መግጠሙን አቁሙ። "አንዴ ገዝተነዋል፣ ምን ይደረግ" የሚለው ሐሳብ ይመጣል። ኢኮኖሚክስ ክፍል ውስጥ የባከነ ወጪ የምንለው ይሄ ነው፤ የወጣው ገንዘብ ወጥቷል፣ አሁን የሚወሰነው ስለሚቀጥለው ብር ነው። ኮላ፣ የገጣሚ ዋጋ፣ የፍቂያ ዋጋና ቫርኒሽ ሁሉም ገና አልወጡም። በመጥፎ ፓርኬ ላይ ሲፈስሱ ደግሞ ከፓርኬው ጋር አብረው ይበላሻሉ። ተለጥፎ ሲነቀል ሊሾውም አብሮ ይቆስላል።

ወላጆቻችን ቤቱን ለማግኘት ስንት ዓመት እንደቆጠቡ እናውቃለን። ወለሉ ላይ የሚያወጡት ገንዘብ ብዙ ጊዜ ከዕቁብ የወጣ፣ ከውጭ አገር ዘመድ የተላከ ወይም ከብድር የተረፈ ነው። ከእኛ የሚጠበቀው ፓርኬ መግጠም አይደለም፤ ያንን የሚችል ባለሙያ አለ። የእኛ ድርሻ ሠራተኛው ኮላውን ሊከፍት ሲል "ጋሼ፣ እስቲ ቆይ፣ መጀመሪያ እንለየው፣ የግማሽ ቀኑን እንከፍላለን" ማለት ነው። ያቺ ግማሽ ቀን ከሁሉም ወጪ ርካሿ ናት።